ለታመመ እግር ያማረ ጫማ

እግር ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ አብልጦ የሚደክም፣ ከሁሉም አብልጦ የሚረሳ ነው። ፊታችንን በየማለዳው በመስተዋት እናያለን፤ ጠጕራችንን እናበጥራለን፤ እግራችን ግን ትዝ የሚለን ሲያመን ብቻ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ብዙዎቻችን «እግሬን ምን ነካው?» ብለን አንጠይቅም፤ «እንግዲህ የትኛውን ጫማ ላድርግ?» እንላለን እንጂ። ይህ ጥያቄ ቀላል ሆኖ የሚታያቸው እግራቸውን አሟቸው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

አዲስ የተቀጠረ ጸሐፊ ወይም የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ከጫማው ጋር ያለው ጉዳይ ከሌላው ሰው ይልቅ የጠነከረ ነው። ኮቱ የወንድሙ ሊሆን ይችላል፤ ሱሪውም የተጠገነ ይሆናል፤ ጫማው ግን በሊስትሮ እጅ ጠርቶ ካበራ በአለቃ ፊት ሲቆም አያፍርም። ስለዚህ እግሩ ቢያብጥ፣ ተረከዙ ቢያቃጥለው፣ ከአውራ ጣቱ ሥር ያለው አጥንት ወደ ውጭ ወጥቶ ቢቀላ እንኳ አፍንጫው የሾለውን ጥቁር ጫማ አጥልቆ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ከጠረጴዛ ሥር እግሩን ሲያወጣና ሲያስገባ ይውላል። ማታ ቤቱ ሲደርስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈታው የጫማውን ክር ነው።

በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ነገሩ ይህን ያህል ካስቸገረ፣ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ደጎሎ ወይም መካነ ሰላም ለተመደበ አስተማሪ ምን ይሆን? የጃማ ሜዳ ጥቁር አፈር ስንዴና ምስር ለማብቀል የተባረከ ነው፤ ለጫማ ግን ምሕረት የለውም። በክረምት ከሶሉ ሥር ይጣበቅና ሰውየው ሃያ ርምጃ ሳይሄድ በጫማው ላይ ሌላ ጫማ ይጨምርለታል። በበጋ ደግሞ ያው አፈር ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ቁርጭምጭሚት ለማጠፍ የተሰናዳ ወጥመድ ይሆናል። በዚህ ላይ እግሩ የታመመ ሰው፣ እንደ እኩዮቹ አምሮ መታየትም የሚወድ ሰው (የማይወድስ ማን ነው?) ጫማውን ከወዴት ያገኛል?

«ይለቃል» የምትባለው ቃል

ጫማ ሻጭ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ቃል አለች። ገዢው ጫማውን አጥልቆ ፊቱን ሲያጨማድድ ሻጩ ፈገግ ብሎ «ግድ የለም፣ ሲያደርጉት ይለቃል» ይላል። ይህች ቃል ግማሽ እውነት አላት። እውነተኛ ቆዳ ከጎንና ከጎን ጥቂት ይሰፋል፤ በርዝመት ግን አንዲት ጥፍር አይጨምርም። ሰው ሠራሽ ቆዳ ከሆነ ደግሞ ከጎኑም አይሰፋም፤ የሚለቀው ስፌቱ ነው። ጫማው እስኪለቅ ድረስ ያለውንም ሥቃይ የሚቀበለው ሻጩ አይደለም።

ከዚህ ይልቅ ጫማው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማወቅ ይጠቅማል። በአገራችን ገበያ የተለመደው የአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በዚህ አቆጣጠር አንድ ቁጥር ማለት የሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው። ስለዚህ 39 ቁጥር ሲባል ጫማው የተሠራበት የእግር ቅርጽ 26 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው፤ 42 ሲባልም 28 ሴንቲ ሜትር። አንባቢ ሆይ፣ ስለ ስፋቱ የተነገረ አንድም ቃል እንደሌለ ልብ ይበሉ። ቁጥሩ የርዝመት ቁጥር ብቻ ነው። እግሩ ሰፊ የሆነ ወይም ያበጠ ሰው 40 ሲጠብበው 42 ይገዛል፤ ርዝመቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ይጨምርለታል፤ ስፋቱ ግን ጥቂት ብቻ ነው የሚጨምረው። ውጤቱም ከፊት የሚያጣብቅ፣ ከኋላ የሚወልቅ ጫማ ነው። ተረከዙ ሲንሸራተት ይላጣል፤ የተላጠውም ቦታ ይቆስላል። እንግዲህ ችግሩ የቁጥር ማነስ አልነበረም፤ የቅርጹ ነገር ነው።

በዓለም ላይ ከታወቁት እግሮች ሁሉ አንዱ ይህን ችግር አይቶታል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በሮም ማራቶን ሊሮጥ ሲል የቀረበለት ጫማ እግሩን አልተመቸውም። እሱም ጫማውን ትቶ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጠና በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ይህን ታሪክ የማያውቅ ተማሪ የለም። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ሁለተኛው ክፍል ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጎዳና ላይ አበበ ጫማ አድርጎ ሮጧል፤ ያውም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ገና ጥቂት ሳምንታት አልፈው ሳለ፤ ሰዓቱም ከሮሙ ሦስት ደቂቃ ያህል ያነሰ፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ነበረ። የሮሙን ድል እያነሡ «ባዶ እግር ይበጃል» የሚሉ ሰዎች ቶኪዮንም ቢያነሡ መልካም ነበር። ደግሞም የሮም ድንጋይ ሌላ ነው፤ የእኛ ደጋ አፈር ሌላ ነው። ይህን ስል ለቀልድ አይደለም፤ አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናልና።

አፈሩ ራሱ በሽታ ሲሆን

በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ «ዝሆኔ» የሚባለውን የእግር እብጠት ያላየ ሰው አይገኝም። በገበያ ቀን ከመንገድ ዳር ጥቂት ብንቆም እግሩ እስከ ጉልበቱ ያበጠ፣ ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት የሻከረ፣ በጨርቅ የጠቀለለው ወይም በነጠላ ጫማ ጎትቶ የሚሄድ ሰው ያጋጥመናል። አንዳንዱ «እባብ የሄደበትን ረግጦ ነው» ይላል፤ ሌላው «እርግማን ነው» ይላል፤ ሌላውም «ይጋባል» ብሎ ከአጠገቡ ይሸሻል። ሦስቱም ስሕተት ነው።

በቆላማ ቦታ በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት አማካይነት በሚመጣ ትል ምክንያት የሚከተል የዝሆኔ ዓይነት አለ። የደጋው ዝሆኔ ግን ትልም ትንኝም የለበትም። ይህን ለይቶ ያስረዳው በኢትዮጵያ በሥጋ ደዌ ሕክምና ያገለገለው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባደረገው ምርምር የታማሚዎቹን እግር፣ የሚኖሩበትንም አፈር መረመረ፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ቀይ ሸክላ አፈር ባለበት፣ ከፍታና ብዙ ዝናብ ባለበት ቦታ በሽታው እንደሚበዛ አስተዋለ። ከአፈሩ የሚወጣው እጅግ የደቀቀ ቅንጣት በባዶ እግር ቆዳ አልፎ ይገባል፤ ሊምፍ የሚባለውን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ያስቆጣል፤ ቱቦዎቹም ቀስ በቀስ ይዘጋሉ፤ ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግሩ ያብጣል። ፕራይስም ለበሽታው «ፖዶኮኒዮሲስ» የሚል ስም አወጣለት። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ እግርና አቧራ ነው።

በሽታው ባለበት አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ሁሉ አይታመምም። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ በደቡብ ኢትዮጵያ ባደረጉትና በታወቀ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ውስጥ የሚሠሩ አንዳንድ ጂኖች ሰውን ለዚህ በሽታ እንደሚያጋልጡት ታይቷል። በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው ሲታመም ጎረቤት «የዘር እርግማን» የሚለው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ጂኑ ያለ አፈሩ ምንም አያደርግም፤ በአፈሩና በእግሩ መካከል ደግሞ ጫማ ሊገባ ይችላል። እንዲያውም በአየርላንድ፣ በስኮትላንድና በሰሜን አፍሪቃ ቀድሞ ይህ በሽታ እንደ ነበረና ጫማ ማድረግ ልማድ ሲሆን እንደ ጠፋ ይነገራል።

የኛ አገር ቁጥር ግን የሚያስደነግጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አገሩን በሙሉ ያዳረሰ ጥናት ተደርጎ ነበር፤ በዚያ መነሻነት በተሠራው ግምት በ2015 ከአንድ ሚሊዮን ተኩል የሚበልጡ ዐዋቂዎች ይህ በሽታ ነበረባቸው። አማራ፣ ኦሮሚያና የደቡብ አካባቢዎች በብዛት የተጠቁ ናቸው። ከዚያ ቀደም በወላይታ በተደረገ ጥናት ደግሞ አንድ ታማሚ ከሥራ ቀኖቹ 45 ከመቶ ያህሉን እንደሚያጣ ተገምቷል። እግሩ በየጊዜው እየጋለ፣ ትኩሳት እየጣለው፣ ለቀናት ከመኝታው የማይነሣ ገበሬ እርሻውን ማን ያርስለታል?

በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት መጨረሻና በወጣትነት ነው፤ ይኸውም አንባቢዎቻችን ባሉበት ዕድሜ መሆኑ ነው። መጀመሪያ የእግር ጣቶች ሥር ያሳክካል፤ ጫማው ውስጥ ያቃጥላል፤ ማታ ማታ የእግሩ ፊት ለፊት ያብጥና ጠዋት ይሟሽሻል። ያን ጊዜ ቢያዝ ወደ ኋላ ይመለሳል። ተማሪው ግን ምን ያደርጋል? ጫማው የጠበበው መስሎት ነጠላ ጫማ ይቀይራል። እግሩ እንደ ገና ለአፈሩ ይጋለጣል፤ እብጠቱም ይጨምራል። ነጠላ ጫማ ደግሞ ለአዲስ ዓመትም ለፈተናም ለሥራ ቅጥርም አይሆንምና ሰውየው ቀስ በቀስ ከሰው መካከል ይወጣል።

ከቤተ ክርስቲያን ደጅና ከመስጊድ በር

እዚህ ላይ ስለ ማማር የምናወራው ለቅንጦት እንዳይመስልብን። ለታማሚዎች ጫማ ያደሉ ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር አይተዋል፤ ጫማው እግርን የሚጠብቀው ሰውየው ሲያደርገው ብቻ ነው። «የበሽተኛ ጫማ» መሆኑ ከሩቅ የሚታወቅ ከሆነ ደግሞ ብዙ ሰው አያደርገውም። ጨርቅና ጎማ ተሰፍቶ እንደ ጆንያ የተሠራ ጫማ ቢሰጡት ተቀብሎ አመስግኖ፣ ከአልጋ ሥር ያስቀምጠዋል። እኔ በዚህ አልፈርድበትም። ሃያ ዓመት የሆናት ልጃገረድ እግሯን ለመደበቅ የረዘመ ቀሚስ ስትለብስ ኖራ፣ አሁን ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ የሚያየውን ጫማ አድርጊ ቢሏት እምቢ ማለቷ ምን ያስደንቃል?

በደቡብ ወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድነት ይኖራል፤ ሁለቱም በጸሎት ቤት ደጅ ጫማቸውን ያወልቃሉ። እግሩ ያበጠ ሰው ያን ደጅ እንዴት እንደሚፈራው ያልታመመ አያውቀውም። አንዳንዱ ከዚያ ወዲያ ከቅጥር ውጭ ቆሞ ይጸልያል። ነገር ግን እነዚህ ሁለቱ ሃይማኖቶች እግርን ስለ ማጠብ የሚያውቁት ነገር ከሐኪሞቹ ምክር ጋር ይገጥማል። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ የምእመናኑን እግር ያጥባል፤ እስላሙ ውዱእ ሲያደርግ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያጥባል። የመንገደኛን እግር ማጠብም የአባቶቻችን የእንግዳ አቀባበል ነበረ። የደጋው ዝሆኔ ሕክምና መሠረቱ ይኸው ነው፤ በየቀኑ በውሃና በሳሙና መታጠብ፣ ጣቶችን እየለያዩ በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ የጤና ባለሙያ እንዳሳየው በፋሻ መጠቅለል፣ ከዚያም ካልሲና ጫማ ማድረግ። ማድረቁ የሚረሳ ከሆነ ግን እርጥበቱ በጣቶች መካከል ቍስል ያወጣል፤ ቍስሉም ለትኩሳቱ በር ይከፍታል።

ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ፍሬ እንዳለው በምሥራቅ ጎጃም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተጀመረና በ2018 በወጣ ጥናት 696 ታማሚዎች በሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን የእግር አያያዝ ትምህርት፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ወዲያው ተሰጠው፤ ሌላው ወገን ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲያገኝ ተደረገ። በዓመቱ ውስጥ ወዲያው የጀመሩት ሰዎች እግራቸው እየጋለ የሚጥላቸው ሕመም ከሌሎቹ ይልቅ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ሳሙናና ጫማ ይህን ከሠሩ እንግዲህ ርካሽ መድኃኒት ናቸው።

የባለሙያው እጅ

ያበጠ እግር ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ጫማ አያገኝም፤ ሊሰፋለት ይገባል። በወላይታ እ.ኤ.አ. በ1998 ሐኪሙ ናታን ባርሎው በጀመሩት የሕክምና ሥራ ይህ ታስቦበታል። የጫማ መሥሪያ ተከፍቶ ለእያንዳንዱ ታማሚ በልኩ የቆዳ ጫማ ይሠራለት ጀመረ፤ ከሠራተኞቹም መካከል ራሳቸው በበሽታው የተያዙና የተሻላቸው ሰዎች ነበሩ። እኔ ከዚህ ሥራ ሁሉ አብልጦ የሚያስደስተኝ ይህ ነው። ልኩን የሚወስደው ሰው ያንን እግር ከራሱ ያውቀዋል፤ ሲያየው አፍንጫውን አይዝም።

እንዲህ ያለ ጫማ ሲሠራ ባለሙያው ብዙ ነገር ያስባል። ሁለቱ እግሮች እኩል አያብጡም፤ ስለዚህ ቀኙም ግራውም ለየብቻ ይለካል። የጫማው አፍ እስከ ጣቶቹ አጠገብ ድረስ መከፈት አለበት፤ ካልተከፈተ ያበጠው እግር አይገባም። ክሩ ረጅም ይሆናል፤ ጠዋት ሲጠብቅ፣ ማታ እግሩ ሲያብጥ ይላላል። የላይኛው ቆዳ ለስላሳ፣ በውስጡ ስፌት የማይነካ፤ ሶሉ ግን ጠንካራና ሜዳ መሆን አለበት። ደግሞም ሕክምናው ሲሠራ እግሩ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ ብልህ ሰፊ መጀመሪያ እብጠቱ በፋሻ እስኪቀንስ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ይለካል። አለበለዚያ በሁለት ወር ውስጥ ጫማው ሰፊ ይሆንና ታማሚው እንደ ገና ባዶ እጁን ይቀራል።

ስለ ማማሩስ? እዚህ ላይ ጥቂት ዘዴ ይበቃል። ትልቁና ትንሹ እግር ሁለት ዓይነት ጫማ ሲያደርጉ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል፤ የትንሹን እግር ጫማ ከውጭ በትልቁ አምሳል ሠርቶ ከውስጥ በንጣፍ መሙላት ግን መንትያ ያስመስላቸዋል። አንድ ወጥ ጥቁር ወይም ቡናማ ቆዳ ሰፊውን ጫማ ጠበብ አድርጎ ያሳያል፤ ነጭ ስፌትና የሚያብረቀርቅ ጌጥ ግን ያሰፋዋል። አፍንጫውን ማሾል አያስፈልግም፤ ክብ በሆነው አፍንጫ ላይ ቀጭን የስፌት መስመር ቢሳል ዓይን መስመሩን ይከተላል፤ ጣቶቹም በሰላም ያርፋሉ። ይህ ሁሉ ባለሙያውን ከአንድ ሰዓት በላይ አያስደክመውም፤ ጫማው ከአልጋ ሥር ይቀራል ወይስ ይወጣል የሚለውን የሚወስነው ግን ይኸው ሰዓት ነው።

ማማር ማለት የሾለ አፍንጫና ረጅም ታኮ ብቻ ነው የሚል ሰው ወደ ዘነበወርቅ ሠፈር ቢሄድ ይማራል። እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት፣ የሥጋ ደዌ ሆስፒታልና ማሠልጠኛ፣ ያለው በዚህ የአዲስ አበባ ሠፈር ነው። እግራቸው የደነዘዘ ታማሚዎች እንዳይቆስሉ ልዩ ጫማ ሲሠራበት የኖረ ቦታ ነው። ከዚያው ሠፈር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ቤተልሔም ጥላሁን «ሶልሬብልስ» የሚባለውን ድርጅት አቋቋመች፤ ከመኪና ጎማ የሚሠራውን የገበሬውንና የወታደሩን በረባሶ መነሻ አድርጋ ለውጭ አገር ገበያ የሚቀርብ ጫማ አወጣች። በረባሶ በአውሮፓ ከተማ መስኮት ከተሰቀለ፣ ለሰፊ እግር የተሠራ ጥሩ ጫማ በደሴ ጎዳና የማያምርበት ምክንያት አይታየኝም።

ደጎሎ ላለ ሰው

ዝሆኔ የሌለባቸው አንባቢዎች እስካሁን ያልነውን ለሌላ ሰው የተጻፈ አድርገው እንዳያዩት። ስለ ስፋት፣ ስለ ክርና ስለ ለስላሳ ቆዳ የተባለው ለማንኛውም የታመመ እግር ይሠራል። የአውራ ጣት አጥንት የወጣባት ወይዘሪት ከፊት ሰፊ የሆነ፣ በአጥንቱ ላይ ስፌት የሌለው ጫማ ትፈልጋለች። ጠዋት ከአልጋ ሲነሣ የመጀመሪያው ርምጃ ተረከዙን እንደ መርፌ የሚወጋው ሰው ደግሞ ሜዳ የሆነውን ነጠላ ጫማ ቢተው ይሻለዋል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሰፊ ታኮና ለስላሳ ንጣፍ ያለው ጫማ ያሳርፈዋል። ረጅሙ ታኮ ግን የሰውነትን ክብደት ሁሉ ወደ ጣቶቹ ሥር ይጥለዋል፤ 26 አጥንት ያለው እግር የተሠራው ለዚህ አልነበረም። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ እግሩ ስለሚደነዝዝ ጠጠር ገብቶ ቢያቆስለው አይሰማውም፤ ስለዚህ ጫማውን ከማድረጉ በፊት በእጁ ዳስሶ ያራግፈው። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ቢያም ግን ነገሩ የጫማ አይደለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል።

ለክረምቱ ጭቃ የጎማ ቦት መልካም ነው፤ መንገዱን ያሻግራል። ቀኑን ሙሉ ግን አይደረግም፤ ጎማ አየር ስለማያስገባ እግር በላብ ይርሳል፤ ኮንጎ የሚባለው የፕላስቲክ ጫማም እንዲሁ ነው። መሥሪያ ቤት ሲደርሱ የሚቀይሩት የቆዳ ጫማና ደረቅ የጥጥ ካልሲ በፌስታል ይዞ መሄድ ሞኝነት አይደለም። የረጠበ የቆዳ ጫማ በምድጃ አጠገብ አይደርቅም፤ ይሰነጠቃል፤ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት በጥላ ሥር ይደር እንጂ።

የአስተማሪዎችንና የጽሕፈት ቤት ሠራተኞችን ነገር አንድ ጊዜ ላንሣ። ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ እግሩን ከወንበር ሥር የሚደብቅ፣ በስፖርት ሰዓት ሁልጊዜ ሆዴን አመመኝ የሚል ተማሪ ካለ ለብቻው ጠርቶ ቀስ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ጤና ጣቢያው በሽታውን ያውቀዋል። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ በሽታ ትኩረት ከተነፈጋቸው በሽታዎች ጋር በመንግሥት የጤና ዕቅድ ውስጥ ገብቷልና የጤና ባለሙያውን ስለ እሱ መጠየቅ እንግዳ ጥያቄ አይሆንም።

ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ የማይመቸው ሰው ደግሞ እግሩን በወረቀት ልኮ ጫማ ማሰፋት ይችላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ልኩ የሚወሰደው ማታ ነው፤ እግር ማታ ከጠዋቱ ይልቅ ይሰፋልና። ከጫማው ጋር የሚያደርጉትን ካልሲ አድርገው በወፍራም ወረቀት ላይ በሁለት እግርዎ ይቁሙ፤ ተቀምጠው የተለካ እግር ያነሰ ነው። ሌላ ሰው እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ይዞ በዙሪያው ይሳልልዎት፤ እርሳሱ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ጫማው ይጠባል። ከዚያም በማይለጠጥ ክር ሦስት ቦታ ይለኩ፤ ከጣቶቹ ሥር ያለውን ሰፊውን ቦታ፣ የእግሩን ጀርባ፣ ቁርጭምጭሚቱን። ለእያንዳንዱ ልክ ክሩን ቆርጠው ወረቀቱ ላይ በቦታው ይስፉት። የሚያመው ቦታ ካለ በቀይ ቀለም ያክቡት፤ ሰፊው እዚያ ላይ ስፌት እንዳያሳርፍ ይጻፉለት። ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ ጣት ስፋት ያህል ቦታ እንዲተውም ይንገሩት። ሁለተኛውንም እግር እንዲሁ ያድርጉ፤ ወረቀቶቹን ለመንገደኛው ከመስጠትዎ በፊትም በአንደኛው ላይ «ቀኝ»፣ በሁለተኛው ላይ «ግራ» ብለው መጻፍዎን አይርሱ።